የ300 ብሩ አክሲዮን ውድ ነው ወይስ ርካሽ?

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. በቴሌብር 33 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኖችን በ9,900 ብር ገዝቻለሁ። አክሲዮኑ ከልክ በላይ የተገዛ ወይም የተሸጠ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ከልክ በላይ የተገዛ ማለት ዋጋው በአጭር ጊዜ ብዙ የናረ፣ ከልክ በላይ የተሸጠ ማለት ደግሞ ብዙ የወረደ ነው፤ እነዚህ ቃላት የሚነግሩን የገበያውን ግፊት እንጂ የኩባንያውን ጤንነት አይደለም። የተለመደው የአንጻራዊ ጥንካሬ መለኪያ በ14 የግብይት ቀናት ውስጥ ዋጋው በአማካይ የጨመረውን ከቀነሰው ጋር አነጻጽሮ ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ከ70 በላይ ሲሆን ከልክ በላይ እንደተገዛ፣ ከ30 በታች ሲሆን ከልክ በላይ እንደተሸጠ ይቆጠራል። በጣና ዳር ጠዋት ታንኳው ሲደርስ ገዢው ተሻምቶ የዓሣውን ዋጋ ያንረዋል፤ ከሰዓት ግን ሻጩ ሙቀቱን ፈርቶ ያወርደዋል። መለኪያው የሚያነበው ይህን መውጣትና መውረድ ስለሆነ፣ የአክሲዮኑ ሻጭ አስቀድሞ ስለተመነው 300 ብር የሚለው ነገር የለም፤ ግብይቱ አነስተኛ ሲሆንም ጥቂት ሰዎች በቀላሉ ያዛቡታል።

እኔ የማስቀድመው ሌላ ስሌት ነው። ለሽያጭ የቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የኩባንያው 10 በመቶ ስለነበሩ፣ መላው ኩባንያ 300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል ማለት ነው። ይህን ከዓመታዊ የተጣራ ትርፉ ጋር ያነጻጽሩ፤ ለአንድ አክሲዮን የሚደርስዎትን የትርፍ ድርሻም ለ300 አካፍለው ከባንክ የቁጠባ ወለድ አጠገብ ያስቀምጡት።