«ጠፋህ» እና «ጠፋህብኝ»

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በኋላ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ገና «ሃሎ» ከማለቴ «ምነው ጠፋህብኝ?» አለችኝ። ደንግጬ ይቅርታ መደርደር ጀመርኩ። ባለቤቴ ደግሞ «ሰላም እያለችህ እኮ ነው፣ መቼ ወቀሰችህ?» ትላለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አክስትዎ «ጠፋህ» ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ ለባለቤትዎ እፈርድ ነበር። «ጠፋ» በራሱ ማንንም አይከስም። መብራት ይጠፋል፣ ሻማ ይጠፋል፣ ቁልፍ ይጠፋል። ጥፋተኛው የሚመጣው «አ» ስትጨመር ነው። «አጠፋሁ» ያለ ሰው በደሉን አመነ። «ጠፋሁ» ያለ ግን ከዓይን መራቁን ነው የነገረን። እርስዎ «ጠፋህ»ን «አጠፋህ» ብለው የሰሙት ይመስለኛል።

መንገድ ላይ ያገኙት የድሮ ጎረቤት «አንተ፣ ጠፋህ እኮ!» ቢልዎ ሰላምታ ነው፤ እሱም ያው ጠፍቶ ነው የከረመው። እንዲያውም አንዳንዴ የጠፋው ሰው ቀድሞ «ጠፋህ» ይላል። ብልጠት ነው። እኔም አደርገዋለሁ።

አክስትዎ ግን «ጠፋህብኝ» ነው ያሉት። ይቺን «ብ» በቀላሉ አይዩዋት። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»ን ያስተያዩ፤ ዳኛው ያው ነው፣ አንዱ እየሳቀ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ዘር የዘራው «ዘነበልን» ይላል፤ ልብስ ያሰጣችው «ዘነበብኝ» ትላለች። «ለ» ለተጠቀመ፣ «በ» ለተጎዳ። «ጠፋ»ም ሁለቱንም ይይዛል። ቁልፉን የጣለ «ጠፋብኝ» ይላል፤ ፊቷ ላይ ማድያት የነበረባት ሴት ደግሞ «ጠፋልኝ» ብላ ደስ ይላታል።

እንግዲህ አክስትዎ «ዝም ማለትህ እኔን ጎድቶኛል» ብለዋል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ናፍቆቱና ወቀሳው እዚያችው «ብ» ውስጥ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። የቱ እንደሚያመዝን ለማወቅ የቀጠለውን ማዳመጥ ነው። «ምነው ጠፋህብኝ፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ካሉ ተጨንቀዋል። «ምነው ጠፋህብኝ?» ብለው ጸጥ ካሉ ግን ምክንያት እየጠበቁ ነው፤ ያኔ ይቅርታዎ አይበዛባቸውም።

ለተራው «ጠፋህ» መልሱ «አለሁ» ነው። በሰዋስው ቢሆን የ«ጠፋ» ተቃራኒ «ተገኘ» ነው፤ «ተገኘሁ» ብሎ የሚመልስ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ሜሪላንድ ያደገ የእህቴ ልጅ አያቱ በስልክ «ጠፋህ እኮ» ስትለው «ኧረ አልጠፋሁም፣ ቤት ነኝ» አላት። አጠገቡ የነበርነው በሳቅ ፈነዳን። እሷ ግን አልሳቀችም። «ቤት ከሆንክማ ለምን አትደውልም?» አለችው።