ርካሽ የሳይክል መጠገኛ ማቆሚያ፦ የቱን ልግዛ?

ወንድሜ፣ «ቤት ውስጥ ካቴና ዘይት ለመቀባትና ማርሽ ለማስተካከል ብቻ ውድ ማቆሚያ ያስፈልገኛል ወይ?» ላልከው፣ በፍጹም አያስፈልግህም። ለዚህ ሥራ የኋላ ጎማውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋ የምትይዘው አጭሯ ማቆሚያ ትበቃለች። ፔዳሉን በእጅህ እያሽከረከርክ ማርሹን ትቀያይራለህ፣ ካቴናውን ትቀባለህ፣ አለቀ። ችግሯ ጎንበስ ብለህ መሥራትህ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወገብህ ይነግርሃል።

ፍሬንም መሪም እየፈታህ ልትሠራ ካሰብክ ግን ሞርሳ (ሳይክሉን ነክሶ ከመሬት አንጠልጥሎ የሚይዝ መቆንጠጫ) ያለው ረጅሙ ማቆሚያ ይሻላል። እዚህ ላይ ቀለሙን ሳይሆን እግሩን እይ። እግሮቹ ሰፋ ብለው ካልተዘረጉ፣ አልፈታ ያለ ፔዳል ይዘህ ቁልፉን ስትጫን ሳይክሉም ማቆሚያውም አንተም ተያይዛችሁ መሬት ናችሁ (የእኔ አንድ ጊዜ እግሬ ላይ አርፏል)። ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የተጻፈውንም አንብብ፣ በተለይ ሳይክልህ የኤሌክትሪክ ከሆነ። እነሱ ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ ናቸው።

ሞርሳውን ደግሞ የኮርቻው ዘንግ ላይ እንጂ የፍሬሙ (የሳይክሉ ዋና አካል) ቱቦ ላይ እንዳታጠብቀው። ስስ አሉሚኒየም ይሰረጎዳል፣ ካርበን ሊሰነጠቅ ይችላል። ዘንጉ ራሱ ካርበን ከሆነ ለጊዜው የድሮ የብረት ዘንግ አስገባበት።

ገንዘቡ እስኪሞላ ድረስ ሳይክሉን ገልብጠህ አትሥራ፣ ፍሬኑ የዘይት ከሆነማ ጭራሽ፤ አየር ወደ ዘይቱ መስመር ሊገባና የፍሬኑ መጨበጫ ሊላላ ይችላል። ከጠንካራ ወራጅ ሁለት ገመድ አውርደህ አንዱን ኮርቻው ላይ፣ ሌላውን መሪው ላይ እሰር። ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ ይሠራል።