ደብተሩን ማን ይየው?

ባለፈው ጊዜ ስለ ሥዕል ማስታወሻ ጽፌ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ገጽ የሚሣልበት፣ ከሥሩም ጥቂት መስመር የሚጻፍበት ደብተር ማለቴ ነው። ከሐዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሣሣል ሳይሆን ስለ ማሳየት ናቸው። እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ማንም ሳያያቸው መሳቢያ ውስጥ የሚቀሩ ደብተሮች ያንገበግቡኛል።

«ደብተር እጀምርና ሁለት ሦስት ሳምንት ሄጄ አቆማለሁ። ባንክ ነው የምሠራው፣ ማታ የምገባው ደክሞኝ ነው። ምን ይሻለኛል?» (እህት፣ ከመነኻሪያ ክፍለ ከተማ)

ጊዜ ሲገኝ እሥላለሁ ካልሽ ጊዜው አይገኝም። ገጹን፣ አንቺ ባታስቢውም እንኳ በራሱ ጊዜ ከሚመጣ ነገር ጋር እሰሪው። የሲዳማ ባህላዊ ሳምንት አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላሉ፤ ገበያውም በእነሱ ይዞራል። ሰው ቀኑን ቢዘነጋ እንኳ ገበያው ያስታውሰዋል። ለአንቺ ይህ የእሁድ ቡና ሊሆን ይችላል። ቡናው እስኪፈላ ፊትሽ ያለውን ሣዪ፤ የጀበናውን አንገት፣ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩትን ስኒዎች። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቀኑንና ቦታውን ጻፊበት፣ ከዚያ ስለ ሳምንቱ ሦስት አራት መስመር ጨምሪ።

አንድ ሳምንት ካመለጠሽ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ለመሙላት አትሞክሪ። ሰው የሚሸሸው ውዝፍ የተከመረበትን ደብተር ነው። የዛሬን ቀን ጽፈሽ ቀጥዪ።

«ደብተሬ ላይ የውሃ ቀለም ስቀባ ወረቀቱ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ወደ ጀርባው ያልፋል።» (ወንድም፣ ከታቦር)

ጥፋቱ የእጅህ አይደለም። የተለመደው የፎቶኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ የተማሪ ደብተር ከዚያም ሊሳሳ ይችላል። ለውሃ ቀለም የሚመረተው ግን አብዛኛውን ጊዜ 300 ግራም ነው። ስስ ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እኩል ስለማይደርቅም ይሸበሸባል። ደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ፣ በ2ቢ (ለስለስ ባለ) እርሳስና በእርሳስ ከለር ሥራ። ቀለም ሲያምርህ ወፍራም ወረቀት በትንሹ ቆርጠህ እሱ ላይ ቀባ፣ ሲደርቅ ደብተሩ ላይ ለጥፈው።

«ከስልክ ፎቶ እያየሁ መሣል ማታለል ነው?»

አይደለም። ከሥሩ «ከፎቶ» ብለህ ጻፍበት፣ በቃ። ፎቶው የሌላ ሰው ከሆነ ከማሳየትህ በፊት አስፈቅድ።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ መሣል ደስ ይለኛል፤ ግን ልጆች ይከቡኛል፣ የማውቃቸው ሰዎችም ያልፋሉ። አፈርኩ።» (ከሐይቅ ዳር)

የተከበሩ መምህር፣ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። ጀልባዎቹ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ የሰው ሁሉ ዓይን ዓሣው ላይ ነው፤ ደብተር የያዘን ሰው ልብ የሚል የለም። ጀርባዎን ለግድግዳ ወይም ለዛፍ ግንድ ይስጡ፤ ከኋላዎ የሚቆም አይኖርም።

መጀመሪያ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ይሣሉ። የዓሣ ትራፊ ሲጠብቅ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ ለጀማሪ ከሰውም ከጦጣም ይሻላል። ልብ ብለው ይዩት። ራሱ መላጣ ነው፣ ከአንገቱ ሥር ሮዝ ከረጢት ይንጠለጠላል። እግሩ ነጭ ይመስላል፤ ነጩ ግን የራሱ ኩስ ነው። ሙቀቱን ለማብረድ እግሩ ላይ ይለቅበታል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ጠቆር ያለ ነው። ስለዚህ እግሩን ዝም ብለው ነጭ አድርገው አይለፉት፤ ነጩ ተላቅቆ ጥቁሩ ብቅ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። ይህን ሲፈልጉ ማን እያየኝ ይሆን የሚለው ሐሳብ ይለቅዎታል።

ልጆቹ ከመጡ ለአንዱ እርሳስና ወረቀት ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ያውቁበታል። ሰው ሲሥሉ ግን ያስፈቅዱ፣ ሲጨርሱም ለተሣለው ሰው ያሳዩት።

«በበዓል ቀን ደብተሬን ለዘመዶቼ አሳየሁ። አንዱ ‹ይሄ ዶሮ ነው?› አለና ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላሳየሁም። ድፍረት ከየት ይመጣል?» (ወንድም፣ ከአዲስ ከተማ)

ወንድሜ፣ ሙሉ ደብተርህን፣ ለሙሉ ቤት ሰው፣ ያለ ምንም ጥያቄ ዘረጋህ። እንዲያ ከሆነ አንዱ መቀለዱ አይቀርም። አሁን አንድ ገጽ፣ ለአንድ ሰው፣ ከአንድ ጥያቄ ጋር አሳይ።

ሰውየውን ምረጥ። በጣም የሚወድህ ሰው ሁሉንም ያደንቅልሃል፤ ለጊዜው እሱን ተወው። በእጁ የሚሠራ ሰው ፈልግ፤ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ፣ ሸማኔ ይሁን። ሥራው በሰው ፊት ሲመዘን የኖረ ሰው የሌላውን ሥራ በጥንቃቄ ያያል። «ያምራል?» ብለህ አትጠይቀው፤ ይሉኝታ ያለው ሰው «ያምራል» ከማለት ሌላ ምን ይላል? «ዓይንህ መጀመሪያ የት ላይ አረፈ? ያልገባህ ቦታ አለ?» በለው። የሰጠህን መልስ ጻፈው፣ አትከራከረው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገጽ ይዘህ ሂድ። በየሳምንቱ መሣል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ሳምንቱ ባይሳካ ሌላ ገጽ ስለሚመጣ አንዱ ሥዕል የአንተን ማንነት ሁሉ አይሸከምም። ከዚያ ሦስት አራት ሆናችሁ ደብተር ይዛችሁ ተገናኙ። ቴሌግራም ላይ ልለቅ ካልክ የዛሬን ገጽ አትልቀቅ፤ ከወር በፊት የሠራኸውን ልቀቅ። ትችት ቢመጣ እንኳ ልብህ ከዚያ ገጽ ትንሽ ርቋል። ለራስህ ብቻ የጻፍከው መስመር ካለ ደግሞ በወረቀት ሸፍነው፤ ሥዕሉን ስላሳየህ ጽሑፉንም የማሳየት ግዴታ የለብህም።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹን ሲያሳይ ግራ የተጋባውም የተቸውም ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ይህን የማነሳው ሽልማት እንድትመኝ አይደለም፤ መጀመሪያ ያየ ሰው የሰጠው ፍርድ የመጨረሻ አለመሆኑን እንድታይ ነው።

«የ14 ዓመት ልጄ የምትሥልበትን ደብተር ፍራሽ ሥር ትደብቃለች። ትምህርት ቤት ሳለች አየሁት፤ በጣም ስላማረኝ አለቀስኩ። ለአባቷና ለአክስቶቿ ላሳይ ወይስ ዝም ልበል?» (እናት፣ ከባህል አዳራሽ)

ለማንም አታሳዪ እህቴ። ደስታሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ሥዕሉን ማን እንደሚያየው የምትወስነው እሷ ናት። ይህን ከቀማሻት ወይ የተሻለ መደበቂያ ትፈልጋለች፣ ወይ ጨርሶ መሣሏን ትተዋለች።

ማየትሽን ግን ንገሪያት። ዝም ብትይም አንድ ቀን ከአፍሽ ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ይብሳል። ለብቻችሁ ስትሆኑ «ደብተርሽን ሳላስፈቅድሽ አይቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ አልነካውም» በያት። ብትቆጣ ትቆጣ፤ ልክ ናት። በዚያ ሰዓት ሥዕሎቹ እንዴት እንደሚያምሩ አታውሪ፤ ሰበብ ይመስላታል። አድናቆቱን፣ በራሷ ፈቃድ ይዛልሽ ለመጣች ቀን አቆዪው። እስከዚያው እርሳስ ሲያልቅባት ምን ሠራሽበት ሳትዪ ግዢላት። ቤት ውስጥ የሚቆለፍ መሳቢያ ካለም ቁልፉን ስጫት፣ መለዋወጫውንም ጭምር።