«አቦል ጠጥቼ ስነሳ ዝም ይላሉ»

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያደግሽው አዲስ አበባ ነው። ወሎዬ አግብተሽ ደሴ ከገባሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። አማትሽ ጠዋት ጠዋት ለቡና ይጠሩሻል። አንቺ አቦል ጠጥተሽ ወደ ሥራ ስትነሺ ቤቱ ዝም ይላል። የጎረቤታችሁ እናት ሲያርፉም ቤተሰቡ ሙስሊም ስለሆነ «ክርስቲያን ሆኜ ብገባ ነውር ይሆን?» ብለሽ ለቅሶ ሳትደርሺ ቀረሽ። ሴቶቹ «ኩሩ ናት» አሉሽ። ባለቤትሽ «ትለምጂዋለሽ» ከማለት አያልፍም። አሁን ለቅሶ ብትደርሺ እንደሚያሳፍርሽም ጽፈሻል።

አብሽሪ እህቴ። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1960 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ስሜት ጽፏል። ሰው የለመዳቸው ትንንሽ ምልክቶች ሲጠፉበት ይጨነቃል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ የድሮ ቤቱ ክፉኛ ይናፍቀዋል። ለዚህ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። እንዲያውም ያንቺ የሚከብደው አማርኛው አንድ ስለሆነ ይመስለኛል። የሚሉት ስለሚገባሽ ወጉም የሚገባሽ ይመስላቸዋል። አንቺም መጠየቅ ታፍሪያለሽ፤ እየገመትሽ ትኖሪያለሽ። ለማክበር ብለሽ የቀረሽበትን እነሱ ንቀት አድርገው ወሰዱት።

ቡናውን እንይ። ወሎ ውስጥ ቡና ላይ ዱአና ምርቃት አለ። በረካው ሳይደርስ መነሳት ምርቃቱን ጥሎ መሄድ ሊመስል ይችላል። ይህን ማንም አልነገረሽም። በየቀኑ ሦስቱንም እየጠጣሽ ሥራ አርፍጂ አልልሽም። አማትሽን ለብቻቸው አግኝተሽ «እማዬ፣ ጠዋት ሥራ ያስነሳኛል፤ መርቀው ይሸኙኝ፤ ቅዳሜ ግን እስከ በረካ አብሬዎት ነኝ» በያቸው። ቅዳሜ ቡናውን አንቺ አፍዪ።

ባለቤትሽ ላይ ቅር ብሎኛል። እሱ ይህን ሁሉ እያየ ስላደገ የሚከብድሽ ነገር አይታየውም። ስለዚህ በግልጽ ንገሪው፦ «እናትህን ተቆጣልኝ አላልኩም። ለቅሶ ወይም ሰርግ ሲኖር ግን ምን ይዤ እንደምሄድ፣ ምን እንደሚባል ቀድመህ ንገረኝ።» ይህን ማድረግ ግዴታው ነው።

ያንቺንም ነገር አትጣይ። አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞችሽ ደውዪ፤ የለመድሽውን ምግብ ሠርተሽ ለባለቤትሽ ቤተሰብም አቅምሺ። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካለሽ ግን ሐኪም ቤት ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግሪ። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ሐኪም ቤት ለመሄድ አንድ ቀንም አትቆዪ።

ለቅሶውን ሂጂ። ዘገየሁ ብለሽ አትቅሪ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ (አንቺ ዕድር የምትይው ነው) የሚቀባበርበት ሰፈር ብዙ ነው። አማትሽን «ይውሰዱኝ» በያቸው፤ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ለጎረቤትሽም እውነቱን ንገሪያት፦ «ነውር መስሎኝ ነው የቀረሁት፤ ወጉን አላወቅሁትም። አላህ ያጽናሽ።»