«ባዶ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

በዒላማ ተኩስ አሠልጣኝነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን የአየር ጠመንጃ ከእጄ ተቀብለዋል። ሲቀበሉም ከአብዛኞቹ አንደበት የምሰማው ቃል አንድ ዓይነት ነበር፤ «ይሄ እኮ አየር ብቻ ነው» ይሉኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ቃልና ከእሱ ስለማይለየው ስለሌላው፣ ማለትም ስለ «ባዶ ነው»፣ የማውቀውን ሳልነግራችሁ እንዳልቀር ብዬ ነው።

አየር መሆኑስ እውነት ነው። ባሩድ የለውም፣ ቀለህ አይጥልም፣ ድምፁም አያስደነግጥም። ይሁንና የታመቀ አየር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሰው ካወቀ ቆይቷል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1780 ገደማ ጀምሮ የኦስትሪያ ጦር ጂራርዶኒ የሚባል፣ ሰደፉ ራሱ የአየር ማጠራቀሚያ የሆነና ሃያ ያህል ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ለውጊያ ታጥቆ ነበር። ዛሬ በኦሊምፒክ የ10 ሜትር ውድድር የሚተኮሰው 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት ክብደቱ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ይበራል። የሰውን ቆዳ ለመብሳት ይህን ያህል ፍጥነት እንኳ አያስፈልግም፤ ለዓይንማ ከዚያም እጅግ ያነሰው ይበቃል። ለአደን የሚሠሩት ደግሞ ከውድድሩ ጠመንጃ በብዙ ይበረታሉ። እንግዲህ «አየር ብቻ» የሚለው ቃል የሚገፋውን ይናገራል እንጂ የሚደርሰው እርሳስ መሆኑን ይሸሽጋል።

በእጃችሁ ያለው ጠመንጃ በምን ኃይል እንደሚሠራ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራችሁ ይሁን፤ አደጋቸው የተለያየ ነውና። በስፕሪንግ የሚሠራው በርሜሉ እንደ ክንድ ታጥፎ ሲጫኑት ፒስተኑን ከስፕሪንጉ ጋር ወደ ኋላ ያምቃል፤ ቃታው ሲሳብ ፒስተኑ ተወንጭፎ ከፊቱ ያለውን አየር በጥይቱ ጀርባ ላይ ይገፋዋል። በርሜሉ እንደታጠፈ ስፕሪንጉ ካመለጠ በርሜሉ በኃይል ተፈናጥሮ ይመለሳል፤ ጥይት በማስገባት ላይ ያለ ጣትም በመካከል ይቀራል። ስለዚህ አንዱ እጃችሁ ጥይቱን ሲያስገባ ሌላው በርሜሉን አጥብቆ ይያዝ፣ እስኪዘጋም አይልቀቅ። ይህንን ጠመንጃ ያለ ጥይት አትተኩሱት፤ ፒስተኑን የሚያለዝብለት ነገር ስለሌለ ራሱን ይሰብራል። ያገኛችሁትን ዘይትም አታፍስሱበት፤ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ዘይቱን ሊያቀጣጥለውና ጥይቱን ከታሰበው በላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል።

አየር አስቀድሞ የሚሞላለት ዓይነት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል አየር ሲይዝ የዚህ ጠመንጃ ጠርሙስ 200 ባር፣ አንዳንዱም 300 ባር ይይዛል። ይህ ግፊት ከጉንጫችሁና ከእጃችሁ አጠገብ መሆኑን አስቡ። ደረቅና ንጹሕ አየር ብቻ ይሞላለት፤ ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞላም፣ ከቅባት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳልና። ጠርሙሱም ዕድሜ አለው፤ በዓለም አቀፍ ውድድር ከ10 ዓመት በላይ የሆነው አይፈቀድም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ በያዘ ትንሽ ጥይት መሰል ጠርሙስ የሚሠራውን በፀሐይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ግፊቱ ከሙቀት ጋር ይጨምራል።

አሁን ወደ «ባዶ ነው» ልምጣ። አንድ ቀን ልምምድ ካበቃ በኋላ የጠመንጃውን ካዝና፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ልጆቹ እየሰሙ «ባዶ ነው» አልኩ። የቃታውን ልስላሴ ላሳያቸው ስለፈለግሁ አፈሙዙን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጌ ሳብኩት። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የመሰለ አጭር ድምፅ ተሰማ። በእንጨቱ አግዳሚ ወንበር እግር ላይ የመጻፊያ እርሳስ የገባበት የሚመስል ክብ ቀዳዳ ነበረ፤ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ርቆ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጫማ። ልጁ መጀመሪያ ጫማውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ያ አስተያየቱ እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። ካዝናውን ከማውጣቴ በፊት ጥይቱን ወደ በርሜሉ የሚገፋውን መቀርቀሪያ አንድ ጊዜ መልሼው ስለነበር አንዱ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ገብቷል። ካዝናው ወጣ ማለት ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት እንዳልሆነ ለሌሎች ለዓመታት ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶነትን በዓይኔ ሳላይ በአፌ አልተናገርኩም። መቀርቀሪያው ይከፈታል፣ የጥይቱ መግቢያ በብርሃን ይታያል፣ ከዚያም ቀለሙ ጎላ ያለ የፕላስቲክ ክር በበርሜሉ ውስጥ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ እንዲታይ ይደረጋል፤ በውድድርም ይህ ግዴታ ነው። ሴፍቲ የሚባለውን የቃታ መቆለፊያ ተጠቀሙበት፣ ግን አትመኑት፤ እሱም ብረት ነው፣ ይበላሻል። ጠመንጃ ሲቀባበሉ ሰጪውም ተቀባዩም ይዩ፤ የሚሰጣችሁ ሰው ምንም ያህል የተከበረ ቢሆን ከፍታችሁ ማየታችሁን እንደ ድፍረት አይቁጠረው። ከተመለከታችሁ በኋላም አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞር፣ ጣታችሁም ለመተኮስ እስክትወስኑ ከቃታው ውጭ ይሁን።

ከዒላማው ኋላ ያለውንም ከዒላማው እኩል ተመልከቱ፤ የሳታችሁት ጥይት መቶዎች ሜትር ሊሄድ ይችላል። የእርሳስ ጥይት ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጠፈጠፋል፤ ክብ የብረት ጥይት ግን ነጥሮ ወደ ተኳሹ ይመለሳል፤ ስለዚህ ተኳሹም ተመልካቹም የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ምግብ ሳትነኩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጀርመን ጉልበቱ ከ7.5 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) የሚበልጠውን ያለ ፈቃድ አትሰጥም፣ በብሪታንያ የጠመንጃው ወሰን 16 ጁል ያህል ነው፤ የምትኖሩበትን ሕግ ጠመንጃውን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። አደጋ ሲደርስ ልጆች ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ፤ ቁስሉ የክብሪት ራስ ያህል፣ ደሙም ጥቂት ስለሆነ ለመደበቅ ያመቻል። ነገር ግን ጥይቱ ጠልቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ለአዋቂ ንገሩ፣ ወደ ሐኪምም ሂዱ። ጥይቱን በመቆንጠጫ ለማውጣት አትሞክሩ። ዓይን ከተመታ አትሹት፣ አትጫኑት፣ ውኃም አትጨምሩበት፤ ዓይኑን በማይነካ ጠንከር ያለ መሸፈኛ፣ ለምሳሌ በወረቀት ኩባያ ታች፣ ከልላችሁ ውሰዱት። ሰውነት ውስጥ የቀረ የብረት ጥይት በማግኔት የሚሠራው የኤምአርአይ ምርመራ ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል፣ ሐኪሙ እርሳስ ይሁን ብረት አይቶ እንዲለይ የጥይቱን ቆርቆሮ ከነተረፈው ጥይት ይዛችሁ ሂዱ።