ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው የአሞኒያ ሴንሰርህ እርጥበት ነው የያዘው

ወንድሜ ጥያቄህን አነበብኩት፣ ለቀዝቃዛ ክፍል ኮምፕረሰር የአሞኒያ ሊክ እንዲይዝልህ ፋይበር (ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር) አቅጥነህ ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የያዘ በጣም ስስ የካርቦን ንጣፍ) ቀብተህበታል፣ በውስጡ የሌዘር ብርሃን ትሰዳለህ፣ ጋዝ ሳይኖር ጠዋት ይጮኻል ከሰዓት ዝም ይላል። «ጠዋት» ስትል ነው የገባኝ፣ ጠዋት አየሩ ይረጥባል፣ እርጥበት ነው።

ከመንካትህ በፊት ሌዘሩን አጥፋ። የፋይበር ጫፍ ወደ ዓይን አይዞርም፣ የ1550 ናኖሜትር ብርሃን አይታይም፣ በስልክ ካሜራ አየዋለሁ የሚሉም አሉ ካሜራው ጭራሽ አያየውም።

አሁን ይሄን ልብ በል። በጤነኛ ፋይበር ብርሃኑ 9 ማይክሮን ገደማ በሆነች እምብርት ታሽጎ ነው የሚሄደው፣ ዙሪያው 125 ማይክሮን መስታወት ነው፣ አንተ በእሳት ስትጎትተው ግን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ይቀርና ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ መታሸግ ያቅተዋል፣ ትንሿ ክፍል ከመስታወቱ ወጥታ ቆዳውን እየታከከች ትሄዳለች፣ ግራፊን ኦክሳይዱ የተቀመጠው እዛች መንገድ ላይ ነው። ሞለኪውል ሲለጠፍበት ብርሃኑን የሚመጥበት መጠን ይቀየራል፣ የብርሃኑን ጉልበት የሚለካው ፓወር ሜትርህ የሚያነበው ያንን ነው። ችግሩ አሞኒያን የሚስብለት ኦክስጅን ያለበት ቦታ ውሃንም ይስባል፣ ውሃ በንጣፎቹ መሀል ገብቶ ያሳብጠዋል።

ሲሊካ ጄል ያለፈ ደረቅ አየር ግማሽ ሰዓት ስጠው፣ ከዛ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ያለፈ አየር ስጠው። አሞኒያ ሳይኖር ንባቡ ከዘለለ አለቀ፣ እርጥበት ነው። ግን ሲሊካ ጄሉን እዛው መስመር ላይ እንዳትተወው፣ አሞኒያውንም ይውጥብሃል! ጎኑ የእርጥበት ሜትር አስቀምጥና በሱ እያረምክ አንብብ።

ፎቶህ ላይ ያየሁት ግን አናዶኛል፣ ማነው በሱፐር ግሉ ያጣበቀው? ጭሱ ነጭ ሆኖ ፋይበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ያ ፋይበር አይድንም፣ አዲስ ጎትት። አረንጓዴውን ኮኔክተር ከሰማያዊው ጋር ያገናኘውም ሰው፣ አረንጓዴው 8 ዲግሪ ተገድሞ የተሞረደ ነው ሰማያዊው ቀጥ ያለ፣ መሀል ክፍተት ይቀርና ንባቡ ይዋልላል። ያንን ርካሽ አዳፕተርም ጣለው፣ ሰው ብዙ ብር ለሌዘር አውጥቶ አዳፕተር ላይ ለምን እንደሚሰስት አይገባኝም። ጫፎቹን በአልኮል ጥረግ፣ ሌዘሩ ጠፍቶ፣ ደግሜ እላለሁ ጠፍቶ።

ይሄ ሁሉ እስኪያልቅ የክፍሉን ነባር የአሞኒያ አላርም እንዳትነቅል።