ለ12 ጓደኛሞች ፋንታሲ የትኛው አሰላለፍ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። 12 ጓደኛሞች የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ (እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጦ በሜዳ ላይ ባሳዩት ነጥብ የሚሰበሰብበትን ጨዋታ) እንጫወታለን፣ ዘንድሮ ግን የራሳችንን ሊግ ልንሠራ ነው። አንድን ተጫዋች መያዝ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ነጥቡንም የምንቆጥረው ራሳችን ነን። ያልተስማማነው በአሰላለፍ ነው። ግማሹ ሁሉም ሰው 4-4-2 (4 ተከላካይ፣ 4 አማካይ፣ 2 አጥቂ) ይሰለፍ ይላል፣ እኔ ነጻ ይሁን ባይ ነኝ። ተጫዋቹ በየሳምንቱ በተጫወተበት ቦታ ይቆጠር የሚሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?
የድሬ ልጅ

መልስ፦ የድሬ ልጅ፣ 4-4-2ቱ ይቅርባችሁ። ሙሉ ነጻነቱም አይበጃችሁም። ሕግ ከማውጣታችሁ በፊት ሊጉ ውስጥ በየቦታው ስንት ተጫዋች እንዳለ ቁጠሩ፣ ምክንያቱም አንድ ተጫዋች ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ ዋናው ጣጣ እጥረት ነው።

ከአጥቂ እንጀምር። ፕሪሚየር ሊጉ 20 ክለብ ነው። አብዛኛው ክለብ ዛሬ ፊት ላይ የሚያሰልፈው አንድ አጥቂ ነው፣ የክንፍ ተጫዋቾችን ፋንታሲው ባብዛኛው አማካይ ብሎ ነው የሚመዘግባቸው። ሁላችሁም ሁለት ሁለት አጥቂ አሰልፉ ከተባላችሁ በየሳምንቱ 24 ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? አንዳንዶቻችሁ ወንበር ላይ የሚውል አጥቂ አሰልፋችሁ ዜሮ ልትቆጥሩ ነው፣ ያውም ጥፋታችሁ ሳይሆን ሕጉ አስገድዷችሁ።

በረኛም እንደዚያው ነው። ዋናው ፋንታሲ 15 ተጫዋች ሲያስይዝ ሁለቱ በረኞች ናቸው፣ እዚያ አንዱን በረኛ የፈለገ ሁሉ ስለሚይዘው ችግር የለም። እናንተ ግን ሁለት ሁለት ከያዛችሁ 24 ይሆናል፣ ቋሚ በረኛ ደግሞ 20 ነው። አንድ አንድ ያዙ። የቀሩት 8 ክፍት ይሁኑና በረኛው የተጎዳበት ሰው ከነሱ ይውሰድ። ተከላካይና አማካይ ሞልቷል፣ አያሳስባችሁ።

ስለዚህ አሰላለፉን አትቆልፉ፣ ዝቅተኛውን ወስኑ። የዋናው ፋንታሲ ሕግ ለእናንተም ይሠራል፦ 1 በረኛ፣ ቢያንስ 3 ተከላካይ፣ ቢያንስ 2 አማካይ፣ ቢያንስ 1 አጥቂ። ከላይ ደግሞ ተከላካይና አማካይ ከ5፣ አጥቂ ከ3 አይለፍ። ሙሉ ነጻ ካደረጋችሁት ስምንት አማካይ የሚደረድር ይመጣል፣ አማካይ ጎል ሲያገባ 5 ነጥብ፣ አጥቂ 4 ነውና።

በየሳምንቱ በተጫወተበት ቦታ ይቆጠር የሚለውን ግን በፍጹም አልደግፍም። ሐሳቡ ፍትሐዊ እንደሚመስል ይገባኛል። በ2019/20 የሸፊልድ ዩናይትዱ ጆን ለንድስትራም ተከላካይ ተብሎ ተመዝግቦ አማካይ ሲጫወት ነበር የከረመው። በርንሌይን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁለት ጎል አገባ። በተከላካይነቱ ጎሎቹ 12 ነጥብ፣ መረባቸው አለመደፈሩ 4፣ ድምር 16። አማካይ ተብሎ ቢመዘገብ ኖሮ 10 እና 1፣ 11 ብቻ ነበር። ሌላውን ያበሳጫል፣ አዎ። ግን እሱን የያዘው ሰው ከማንም ቀድሞ አይቶ ነው የያዘው፣ ይገባዋል። በየሳምንቱ ቦታ እንዳኝ ካላችሁ ቅዳሜ ማታ ኳሱን ትታችሁ እሱ ክንፍ ነበር፣ የለም አጥቂ ነበር እያላችሁ ስትጨቃጨቁ ታመሻላችሁ። ውድድሩ ሲጀመር የተመዘገበበት ቦታ እስከ መጨረሻው ይጽና። ፋንታሲውም ካይ ሃቨርትዝን በ2023/24 አማካይ እንዳለ አቆይቶ አጥቂ ያደረገው በቀጣዩ ዓመት ነው።

ተጠባባቂዎቻችሁን በቅደም ተከተል ጻፉ። ሦስት ተከላካይ ብቻ አሰልፈህ አንዱ ካልተጫወተ፣ የመጀመሪያው ተጠባባቂህ አጥቂ ቢሆን እንኳ ይታለፍና ተከላካዩ ይገባል። ይሄን ከአሁኑ ተስማሙበት።

አሰላለፍ መቀየር ስለሚዘጋበት ሰዓት አልጠየቅከኝም፣ ግን ያስፈልጋችኋል። ዋናው ፋንታሲ ከመጀመሪያው ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ይዘጋል። የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛ ከቀኑ 8:30 ሲሆን መዝጊያው 7 ሰዓት ነው፣ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ወደ 8 ይገፋል። ድሬ ላይ ያ ሰዓት በሙቀቱ ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም የሚልበት ወይም በርጫ የሚቀመጥበት ነው። ስለዚህ አሰላለፍ ዓርብ ማታ ቴሌግራም ላይ ይግባ፣ ዓርብ ጨዋታ ካለ ሐሙስ። ያልላከ ሰው ያለፈው ሳምንት አሰላለፉ ይቀጥልለት።